የእንጅባራ ጉምና የቦራ መብራቶች

ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ የተነሳሁት ሁለት ነገር ይዤ ነው። አንዱ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ በጨርቅ ጠቅልዬ የያዝኳቸው ሁለት ቢጫ የኤልኢዲ አምፖሎች ናቸው። ሌላው የአጎቴ ልጅ ትዕግሥት በስልክ ያሸከመችኝ መልእክት ነው። አምፖሎቹ አልከበዱኝም፤ መልእክቱ ግን ከብዶኛል።

መልእክቱ አጭር ነው። «የአባቴን የመኪና ቁልፍ ተቀበልልኝ። እኔን አይሰሙኝም፤ አንተን ይሰማሉ» አለችኝ።

አጎቴ አያ ዘለቀ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ሚስታቸው ካረፉ ጀምሮ እንጅባራ ከተማ ከትዕግሥት ጋር ይኖራሉ፤ እርሻቸው ግን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ቤቱንና እርሻውን የምታገናኘው ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አረንጓዴ ላንድሮቨር ናት። ኮፈኗ መሀል ላይ ነጭ ቀለም ስላለ፣ የአገሩ ሰው ግንባሩ ላይ ነጭ እንዳለበት ፈረስ «ቦራ» ይላታል። አዊ አገር መኪና እንኳ የፈረስ ስም ካልወጣለት የቤተሰብ አይሆንም። በዚያ መንደር በቦራ ሐኪም ቤት ያልደረሰ በሽተኛ፣ በቦራ ገበያ ያልወጣ ድንች ጥቂት ነው።

ነገሩ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። አያ ዘለቀ ከጥርባ ሲመለሱ የአንድ ገበሬ ፈረስ ገጩ። ፈረሱ አልሞተም፣ የኋላ እግሩ ግን ተጎዳ። ገበሬው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «ጉም ነበር ካሉ ምን ያድርጉ» ብሎ ይቅር አላቸው። ትዕግሥት ግን ይቅር አላለችም። «ዛሬ ፈረስ ነው፤ ነገ ተማሪ ቢሆንስ?» አለችኝ።

አያ ዘለቀ ደግሞ ለእኔ ሌላ ነገር ነገሩኝ። የቦራ መብራት ደክሟል፣ በተለይ ከፊት መከላከያው ብረት፣ ፓራውልቱ ላይ ያሉት ሁለቱ የጉም መብራቶች የከሰል ፍም ያህል እንኳ አያበሩም፣ ዲናሞውም አርጅቶ አራት መብራት መሸከም አልቻለም። እንግዲህ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ኤልኢዲ የሚወስደው ኃይል ጥቂት እንደሆነ፣ ለጉም ደግሞ ከነጭ ቢጫ እንደሚሻል ለተማሪዎቼ ስለፍፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበል አምፖል መግዛት ቀለለኝ። እውነቱን ለመናገር አምፖሎቹን የገዛሁት መልእክቱን ላለማድረስ ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ቆሰበር

በዚህ ዘመን በእኛ አገር መንገድ የሚጀመረው በስልክ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ዳንግላ ላለ ወዳጄም፣ ለትዕግሥትም ደውዬ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣራሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ «ቆሰበር! ቆሰበር!» እያለ ይጣራል። ታፔላው ላይ እንጅባራ ተብሎ ተጽፏል፤ አፍ ግን የለመደውን የዱሮ ስሟን ነው የሚጠራው።

ሚኒባሱ እስከ መራዊ ድረስ በደረቅ አስፋልት በረረ። ከዱርቤቴ በኋላ ዝናብ ጀመረ። ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ፌስታል ሙሉ የተቀቀለ ድንች ከዳጣ ጋር ይዘዋል፤ ሳልጠይቃቸው ሁለት ሰጡኝ። «ወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«እንጅባራ፣ አጎቴ ጋ።»

«ለደህና ነው?»

«ለመብራት ነው። የመኪና መብራት ልቀይርላቸው።»

«ሌላ መካኒክ ጠፍቶ ነው ከባሕር ዳር የመጣህ?» አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ መመልከት ያዙ። ልቤ ውስጥ ያለውን ያነበቡብኝ መሰለኝ።

ከዳንግላ በኋላ አገሩ ይለወጣል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የዲከረንስ ዛፍ በረድፍ ቆሟል፤ ገበሬው ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ፣ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። አዲስ ቅዳም አካባቢ የከሰል ጆንያዎች መንገድ ዳር ተደርድረው ጫኝ መኪና ይጠብቃሉ። ከክምሩ የሚወጣው ጭስ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ የቱ ጭስ፣ የቱ ጉም እንደሆነ አይለይም። ሾፌራችን መብራቱን አብርቶ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ ነበር የሚነዳው። በልቤ ለአያ ዘለቀ ፈረድኩላቸው። እዚህ አገር ሰው ይቅርና ንስርም ቢሆን መብራት ያስፈልገዋል።

እንጅባራ፣ ከሰዓት በኋላ

ትዕግሥት ዋናው መንገድ ላይ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። እኔን ስታይ ማሽኑን አጥፍታ ወጣችና ሳመችኝ። ወዲያው ጉዳዩን አነሳች።

«ዛሬ ትነግራቸዋለህ?»

«መጀመሪያ መብራቱን ልሥራና…»

«እኔ መብራት ነው ያልኩህ?» አለች። ቆጣ ብላ ሳይሆን ደክሟት ነው የተናገረችው። «ሰውም መታዘብ ጀምሯል። መንገድ ላይ ሰላም ሲሏቸው አይመልሱም፤ ጎረቤቱ ኮርተዋል ይላቸዋል። ከፈረሱ ወዲህ ጸባያቸው ተለውጧል። አፍረው ይሁን ተናደው አላውቅም።»

ግቢው ውስጥ አያ ዘለቀ ቦራን አጥበው አቁመዋታል። በዝናብ መኪና ማጠብ የእሳቸው ነገር ነው። ድምፄን ሲሰሙ ዞር ብለው «መምህር መጣህ!» አሉና አቅፈው ጨመቁኝ። ክንዳቸው አሁንም የጎልማሳ ክንድ ነው። እንዲህ ያለን ሰው «ቁልፉን ይስጡኝ» እንዴት ይባላል? ጃኬቴን አውልቄ ካቻቢቴ ጠየቅኩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለተማሪዎቼ አልነግርም። የቀኙን የጉም መብራት መስታወት ፈታሁ፤ አሮጌውን አምፖል አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ። «አያ፣ ያብሩት!» አልኩ። ማብሪያው ቀጭ አለ። አምፖሉ ዝም። የግራውን ሞከርኩ፤ እሱም ዝም። አሮጌውን መልሼ ሳስገባው ቀላ ብሎ በራ። ታዲያ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው። ወዲያው ባሕር ዳር ለሸጠልኝ ሰው ደወልኩና የተበላሸ ዕቃ ሰጠኸኝ ብዬ ተቆጣሁ። ሰውዬው ረጋ ብሎ «መምህር፣ ፊትዎ አብርቼ አይደለም ወይ የሰጠሁዎ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስልኩን ዘጋሁና ሽቦ መፈተሽ ጀመርኩ።

ሽቦው ሁሉ ከዘመን ብዛት ጠቁሯል፤ ቀዩን ከጥቁሩ መለየት የማይታሰብ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ በካፊያ ውስጥ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ፈታሁ፣ ፋቅሁ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። አያ ዘለቀ ጃንጥላ ይዘውልኝ ቆመዋል። ጃንጥላው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኔን ትቶ ፓራውልቱን ነበር የሚያስጠልለው። ለመኪናዋ አድልተው ነው ብዬ ሳቅሁ። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጥኩና ሁሉን እንደነበረ መለስኩት።

እራት ላይ ትዕግሥት ከሳህኗ ቀና ሳትል «እንግዲህ መብራቱም እምቢ ካለ ምልክት ነው» አለች።

አያ ዘለቀ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ምልክት አይደለም። ሽቦ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይች ልጅ ለምን እንደጠራችህ የማላውቅ ይመስልሃል?» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። «አያ፣ እኔ…»

«ተወው። እንዲህ እናድርግ። ያ መብራት በርቶ መንገዱ ካልታየኝ ቁልፉን በገዛ እጄ ለትዕግሥት እሰጣለሁ። ከታየኝ ግን ይህ ወሬ በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳይነሳ። እኔ ያለዚያች መኪና የት ሄጄ፣ ለማን ምን ሆኜ ነው የምኖር? ድንች ስላጥ ልዋል?» ድምፃቸው መጨረሻ ላይ ሰለለ። ትዕግሥት «እሺ» አለች። እኔም «እሺ» አልኩ።

ዳንግላ፣ በማግስቱ

እንጅባራ ያሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቦራን ሲያዩ ይሸሻሉ። አንዱ ብቻ «ዳንግላ ዳዊት የሚባል አለ፤ አሮጌ መኪና ከሰው አብልጦ ይወዳል» አለን። ትዕግሥት መብራቱ ሳይሠራ አባቷ እንዳይነዱ ስለከለከለች መሪውን እኔ ያዝኩ። ሰላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ለእኔ ግን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የመንዳት ያህል ሆነብኝ። ማርሹ እንደ አኩራፊ ሰው ነው፤ ካላባበሉት አይገባም። አያ ዘለቀ አጠገቤ ተቀምጠው በጆሯቸው ብቻ «አሁን ሦስተኛ… ገና ነው… አሁን» እያሉ ያስነዱኝ ነበር። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ዳዊት አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። የሥራ ጠረጴዛው ላይ የጸሎት ቤታቸው የድምፅ ማጉያ ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ለእሁድ መድረስ አለበት አለ። ቢሆንም ቦራን ሲያይ ጥሎት ወጣ። ዙሪያዋን ዞረ። ኮፈኗን እንደ ፈረስ ጀርባ መታ መታ አደረገና «ተባረኪ» አላት።

አያ ዘለቀ ሳቁ። «እሷ ኦርቶዶክስ ናት» አሉት።

«መኪና ሃይማኖት የለውም አባ፤ ሁሉም ማሳ ያስፈልገዋል» አለ ዳዊት። ማሳ ማለት በመካኒኮች ቋንቋ ከባትሪው አንዱ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለሰው በብረቱ በኩል ነው።

አምፖሎቼን ተቀብሎ በራሱ ባትሪ ሞከራቸው። ሁለቱም ወገግ ብለው በሩ። እኔ አፈርኩ። ከዚያ ወንበሩን አንስቶ የቦራን ባትሪ በእጅ መብራቱ አየ። ቀና ሲል እየሳቀ ነበር።

«ሥራዎ ምንድን ነው ጋሼ?» አለኝ።

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

«የፊዚክስ» አልኩት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ይምጡ ይዩ እስቲ።»

አጎንብሼ አየሁ። ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየኋቸው መኪኖች አካላቸው ኔጋቲቭ ነው፤ ይች ግን በዱሮ አሠራር የተገላቢጦሽ ናት። አሮጌው አምፖል የሚበራው ውስጡ ያለው ሽቦ ስለሚግል ነው፤ ኤሌክትሪኩ በየት በኩል ገባ በየት በኩል ወጣ ግድ የለውም። ኤልኢዲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ይህንን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ! ባትሪውን ማየት ግን አልመጣልኝም፤ ባትሪ ሁሌ እንደማውቀው ነው ብዬ ነው ሌላውን ሁሉ ስፈታ የዋልኩት።

ዳዊት የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪያ ቆርጦ በመብራቶቹና በፓራውልቱ መካከል፣ በብሎኖቹም ዙሪያ አስገባ። የመብራቱ ቆርቆሮ የመኪናውን አካል እንዳይነካ ነው። ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረ፤ ከማብሪያው የሚመጣውን ከመብራቱ ቆርቆሮ ጋር፣ የመሀሉን ከመኪናው አካል ጋር አሰረ። ጎማው አንድ ቀን ቢበላ ሽቦው እንዳይቃጠል ፊውዝ ጨመረበት። እኔ ካቻቢቴ ሳቀብለው ነበር፤ የሚገባኝም ቦታ እሱ ነው።

«ያብሩት አባ» አለ።

ማብሪያው ቀጭ አለ። በጋራዡ ግድግዳ ላይ ሁለት ቢጫ ክብ ብርሃን አረፈ፤ ቁርጥ ያለ፣ ዳርቻው የታወቀ። እኔ እንደ ልጅ ዘለልኩ። «አያ፣ አዩት? አዩት?»

«እሰይ!» አሉ አያ ዘለቀ። «እግዜር ይስጣችሁ። ይኼ ነው መብራት ማለት።» ሦስታችንም ተጨባበጥን።

ወደ እንጅባራ ስንመለስ አሁንም መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ደስታ በደስታ ሆኜ ነበር። ትዕግሥት የሰጠችኝን ሥራ በአምፖል አመለጥኩት፣ ሽማግሌውም ክብራቸው ሳይነካ መኪናቸውን አተረፉ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። ሁሉ ነገር እንደተሠራ መሰለኝ።

ወደ ዘንገና

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ለፈተና የታዘዘ ይመስል ነበር። ከበሩ ላይ ቆሜ የጎረቤቱን ቤት ማየት አልቻልኩም። አያ ዘለቀ ቀይ ስካርፋቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው መሪው ላይ ወጡ። ትዕግሥት በመስኮቱ በኩል እጇን አስገብታ ትከሻቸውን ነካችና «ቀስ ብለው» ብቻ አለች።

ወጣን። ከከተማው እስክንወጣ ድረስ መብራቶቹ ለሠሩት ሥራ ቃል የለኝም። ነጭ መብራት ጉም ላይ ግድግዳ ይሆናል፤ ይሄ ቢጫ ብርሃን ግን ዝቅ ብሎ ከጉሙ ሥር ገብቶ የአስፋልቱን ጠርዝ፣ የቦዩን ድንጋይ፣ የባጃጁን ጎማ አንድ በአንድ ያወጣልኛል። «የግራው ጠርዝ ታየዎት? ያ ጋሪ ታየዎት?» እላለሁ። «ይታየኛል፣ ይታየኛል» ይላሉ። አካሄዳቸው የእግረኛ ነው፤ አገጫቸው መሪውን ሊነካ ደርሷል። ጥንቃቄ ነው ብዬ አደነቅሁ።

ወደ ሐይቁ ከሚወስደው መታጠፊያ ትንሽ ቀደም ብሎ ነፋስ መጣ። ጉሙ ከፊታችን እንደ መጋረጃ ተሰበሰበና ወደ ኮረብታው ወጣ። ፀሐይ ወጣች። የዝናቡ ውሃ ገብሱ ላይ እያብለጨለጨ፣ በስተ ቀኝ ዘንገና ሐይቅ ከዛፎቹ መሀል ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ከዓመታት በኋላ እንዲህ ጠርቶ ያየሁት ያን ዕለት ነው። በመልኩ ተወስጄ «ታየዎት?» ማለቱን ተውኩ።

ቦራ አሁንም በእግረኛ አካሄድ ትሄዳለች። መብራቶቹ በፀሐይ ውስጥ በርተዋል። አያ ዘለቀ አገጫቸውን ከመሪው አላነሱም።

ያኔ ነው ከፊታችን መንገዱ ዳር ፈረሱን ስቦ የሚመጣ ሰው ያየሁት። አንድ እጁን አንስቶ ሰላም ይላል። ከሰማንያ ሜትር ይበልጣል። ሃምሳ ሆነ። ሠላሳ ሆነ። መኪናዋ ወደ እሱ ወደ ዳሩ ትጠጋለች።

«አያ፣ ፈረስ!»

ፍሬኑን ረገጡ። ቦራ ተንገጫግጫ ቆመች። ሰውየው ፈረሱን ይዞ ወደ መስኮቱ መጣ። ሐምሌ ላይ ፈረሱ የተገጨበት ገበሬ ራሱ ነው፤ አቶ ቢያድግልኝ ይባላል። ፈረሱ የኋላ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ሰውየው ከአያ ዘለቀ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል።

«ማነህ?» አሉት አያ ዘለቀ።

ሰውየው ደነገጠ። በአውኚ ሰላምታ ሰጣቸው። ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለና እሳቸውም በአውኚ ረዘም አድርገው መለሱለት። የእናቴን ቋንቋ እሰማለሁ እንጂ ፈጥነው ሲናገሩት ያመልጠኛል። ሰውየው እንደሰማው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ ድምፁን ቀንሶ፣

«ፈረስህን ከመንገድ አውጣና ጉሙ እስኪለቅ ቆመህ ጠብቅ ይሉኛል» አለኝ። «የቱን ጉም ነው የሚሉት?»

አያ ዘለቀ ሰምተዋል። እጃቸው መሪው ላይ ነው። ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ወደ እኔ ነው፣ ዓይናቸው ግን ትከሻዬ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አየሁት። ብሌናቸው ላይ እንደ እርጎ ውሃ ያለ ነገር አለ። ሁለት ቀን አብሬያቸው በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ሽቦ ፈትቼ፣ አላየሁትም።

«ለቋል እንዴ?» አሉኝ።

«ለቋል አያ።»

«መቼ?»

«ከመታጠፊያው በፊት። ፀሐይ ናት። ሐይቁ ይታያል።»

«ሐይቁ ይታያል» አሉ፤ እንደ ጥያቄም አይደለም። ሞተሩን አጠፉ፤ መብራቱን አጠፉ። «እኔኮ የእውነት መብራቱ መስሎኝ ነው። አገሩ ጉም ነው፣ መብራቱ ደካማ ነው፣ ጭሱም አለ። አምና ከክረምቱ ጀምሮ ሲጠብቅብኝ ዘንድሮ ጉሙ በረታ እያልኩ ነው የከረምኩት። በጋም ሲመጣ የከሰሉ ጭስ ነው አልኩ። ሰውም ጉም ነው ይላል፤ ማንን ልጠይቅ?»

«ትናንት ዳንግላ መብራቱ ሲበራስ?»

«ያንተን ደስታ ሰምቼ ነው» አሉኝ።

ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይደሉም። እሳቸው በሩን ከፍተው ወረዱና በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ፈረሱ ሄዱ። የኋላ እግሩን በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ ፈረሱም ቆመላቸው።

«ቢያድግልኝ፣ ሽማግሌ ፊት ጉም ነበር ብዬሃለሁ። ውሸት ሆነብኝ።»

«ምን ውሸት አለው» አለ ሰውየው። «ያዩትን ነው የነገሩኝ። ይልቅ እኔ፣ ሰላም ስልዎ የማይመልሱት ተቀይመውኝ መስሎኝ ስንት ቀን ከፋኝ።»

«እኔ አንተን?» አሉና እጁን ፈልገው ያዙት። መንገዱ ዳር ላይ እንደዚያ ተያይዘው ቆሙ። ፈረሱ ሣር ይግጥ ነበር።

ከዚያ አያ ዘለቀ በኮፈኗ በኩል ዞረው በእኔ በር መጡና «ውረድ። ወደዚያ እለፍ» አሉኝ። መሪውን ያዝኩ። መኪናዋን አዙሬ ወደ ከተማው ስመለስ የማርሹን ጊዜ እንኳ አልነገሩኝም። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ደጃፍ ስንደርስ ትዕግሥት እየሮጠች ወጣች። ቁልፉን ከእኔ ተቀብለው በእጇ ላይ አስቀመጡላትና «መብራቱ ጥሩ ነው። መንገዱ ግን አልታየኝም» አሏት። እሷ ደረታቸው ላይ ተለጠፈች። ያሸነፈች አትመስልም ነበር።

ባሕር ዳር

ሐሙስ ዕለት ብቻዬን የመጣሁበትን መንገድ ከአያ ዘለቀ ጋር በሚኒባስ ተመለስኩ። አዲስ ቅዳም ላይ «እዚህ ጭስ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የእውነት ነበረ። «አለ» አልኳቸው። «ደህና» አሉና ተደገፉ። ከዚያ በኋላ እስከ መራዊ ያለውን መንገድ ሁሉ የሚታየውን ነገርኳቸው፤ በግራ ገብስ፣ በቀኝ ኑግ፣ የሚዘንብበት ኮረብታ፣ የማይዘንብበት ኮረብታ። ሃያ ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ተጠንቅቄ ያስተማርኩ አይመስለኝም።

ዓይን ክሊኒኩ ውስጥ መዝገብ የምትሞላው ነርስ «አባባ፣ እይታዎ ከመቼ ጀምሮ ነው የቀነሰው?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ የእንጅባራ ሰው ነኝ» አሏት። «በምን ልለየው?» ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። በሁለቱም ላይ በስሏል፣ ግን በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ በቀኙ እንጀምራለን አለን። መኪና መንዳትን ስጠይቀው ሁለቱም ዓይን ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ ያኔ እንነጋገራለን ብሎ ቆረጠው። አያ ዘለቀ በመልሱ አልተከራከሩም።

ከጉዞው ምን ተማርክ ብትሉኝ ብዙ ነገር ማለት አልችልም። ሦስት ቀን ሙሉ የመኪናዋን መብራት ስፈትሽ፣ ባትሪዋን፣ ሽቦዋን፣ ማሳዋን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ለአጎቴ ግን «አያ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ አላቀረብኩም። ትዕግሥትም ቁልፉን ጠየቀች፣ መንደሩም ስለ ኩራታቸው አወራ። ሁላችንም እንወዳቸዋለን። ወደን ግን የጠየቅነው ሌላ ሌላውን ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገው መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። በማግስቱ ጠዋት ፋሻውን ሲፈቱላቸው እኔና ትዕግሥት ፊት ለፊታቸው ቆመን ነበር። ዓይናቸውን ደጋግመው ከደኑ። መጀመሪያ ትዕግሥትን አይተው «ከስተሻል» አሏት። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ራሴ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተ» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ድንጋጤም ፍቅርም ነበረበት። «መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»